ታጥቦ የሚመለስ የዘይት ፊልትሮ ለሽንፋ ሞተር ይሆናል ወይ?

የሰሊጥ አጨዳ ከጀመረ በመተማዋ ሽንፋ መኪና የሚያርፍበት ቀን የለም። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ትራክተሩ፣ ፒክአፑና አይሱዙው ሠራተኛ ያመላልሳሉ፣ ለእርሻው ውኃና ቀለብ ያደርሳሉ፣ ከሂላው፣ ማለትም ከታጨደው ክምር፣ የተራገፈውን ሰሊጥ በጆንያ ጭነው ወደ ገንዳ ውሃ ይወጣሉ። ክረምቱን ጎማ ሲውጥ የከረመው ዋልካ ያን ጊዜ ደርቆና ተሰነጣጥቆ በጎማ እየተፈጨ ዱቄት ይሆናል፤ የፊተኛው መኪና ያስነሣው አቧራ ለኋለኛው መንገዱን ይጋርደዋል። ዘይት መቀየሪያው የሚደርሰው እንግዲህ በዚህ ግርግር መካከል ነው። ልኩ የሆነው ፊልትሮ በቅርብ ይጠፋል፣ ከጎንደር ይታዘዛል፣ መንገድ ላይ ይዘገያል። ሥራ ደግሞ አይጠብቅም። ስለዚህ ብዙ ባለመኪና ዘይቱን ብቻ ቀይሮ አሮጌውን ፊልትሮ እዚያው ትቶት ይሄዳል።

እንዲህ ባለ አገር «አንዴ ይገዛል፣ እየታጠበ ዕድሜ ልክ ያገለግላል» የሚባል የብረት ፊልትሮ መኖሩን የሰማ ሰው ልቡ ቢከጅል አይፈረድበትም። ዕቃው በእርግጥ አለ። ውጭው አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ሲሆን ውስጡ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ደቃቅ ወንፊት ነው፤ ተፈቶ ይታጠባል፣ ተመልሶ ይገጠማል። በእሽቅድምድም መኪኖችና በትላልቅ ሞተር ብስክሌቶች ላይ ለዓመታት ሲሠራበት ኖሯል። አቧራ ውስጥ ለሚውል የቆላ ናፍጣ ሞተር ይስማማል ወይ ለሚለው ግን የእኔ መልስ ከወዲሁ ይታወቅ፦ ለአብዛኞቹ አይስማማም፣ ለጥቂቶቹ ከነጥንቃቄው ይሆናል። ምክንያቱ የሚገባን ፊልትሮው ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ስናይ ነው።

ሞተር ሲነሣ የዘይት ፖምፓው ዘይቱን ከኮፓው ስቦ ወደ ፊልትሮው ይገፋዋል። አዲስ ፊልትሮ ገልብጠው ቢያዩ በጠርዙ ዙሪያ ትንንሽ ቀዳዳዎች፣ በመካከሉ ደግሞ ጥርስ ያለው አንድ ትልቅ ቀዳዳ አለ። ዘይቱ በትንንሾቹ ይገባል፣ ከወረቀቱ ውጭ ወደ ውስጥ ሰርጎ ያልፋል፣ በመካከለኛው ወጥቶ ወደ ብሮንዞቹ፣ ወደ ፒስተኖቹና ወደ ቴስታታው ይሄዳል። ቆሻሻው የሚቀረው በወረቀቱ የውጭ ገጽ ላይ ነው፤ የውስጡ ገጽ ሁልጊዜ ንጹሕ መሆን አለበት። ይህን አቅጣጫ በልብዎ ይያዙት፣ እጥበቱ ላይ ስንደርስ እንፈልገዋለን።

የወንፊቱ ደቃቅነት የሚለካው በማይክሮን ነው። አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር 1000ኛ ክፍል ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ይጠጋል፤ ዓይናችን ያለ አጉሊ መነጽር መለየት የሚችለው ትንሹ ነገር 40 ማይክሮን አካባቢ ነው። በገበያ የሚገኙት ታጣቢ የብረት ፊልትሮዎች አብዛኞቹ ከ30 እስከ 45 ማይክሮን ባለው መካከል ናቸው። ስለዚህ መረቡ በደንብ የሚይዘው በዓይን ሊታይ የሚችለውን ያህል ነው። በብሮንዙና በሚዞረው ዘንግ መካከል የሚኖረው የዘይት ንጣፍ ግን ጭነት ሲበዛበት ወደ ጥቂት ማይክሮን ይሳሳል። ብረቱን የሚፍቀው ያን ክፍተት የሚያህል ወይም ትንሽ የሚበልጠው ደቃቅ አሸዋ ነው። ትልቁማ ክፍተቱ ውስጥ አይገባም።

የጄኔራል ሞተርስ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ለአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ያቀረቡት ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቶታል። እስከ 40 ማይክሮን ድረስ ከሚያጣራ ፊልትሮ ጋር ሲነጻጸር፣ 30 ማይክሮን የሚያጣራው የሞተሩን መበላት በ50 ከመቶ ቀነሰው፤ 15 ማይክሮን የሚያጣራው ደግሞ በ70 ከመቶ። ታጣቢዎቹ ፊልትሮዎች የሚቆሙበትን ቦታ ከነዚህ ቁጥሮች ጎን ያስቀምጡት። ጥሩ የወረቀት ወይም የሰው ሠራሽ ቃጫ ፊልትሮ 20 ማይክሮን አካባቢ ያለውን አብዛኛውን ቅንጣት ሲይዝ፣ የብረት ወንፊቱ ያንኑ ቅንጣት ያሳልፈዋል።

የሽንፋ መንገድ አቧራ ደግሞ ከዚሁ ከሚያልፈው ወገን ነው። መኪና ሲያልፍ ከባዱ ጠጠርና አሸዋ ወዲያው መሬት ይወርዳል፤ አየር ላይ ተንጠልጥሎ የሚቆየውና በሞተሩ አፍንጫ የሚሳበው ደቃቁ ነው፣ አብዛኛውም ከ20 ማይክሮን በታች ነው። በውስጡ ያለው ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን ከብዙው የሞተር ብረት ይጠነክራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፦ አቧራ ወደ ዘይቱ የሚደርሰው በመጀመሪያ በአየር ፊልትሮው በኩል አልፎ፣ በፒስተኑ ፋሻ ሾልኮ ነው። የአየር ፊልትሮው ቤት ክዳኑ በሽቦ የታሰረ፣ ወይም ከፊልትሮው በኋላ ያለው የጎማ ቧንቧ የተሰነጠቀ መኪና ካለዎት ስለ ዘይት ፊልትሮ ማሰብዎን ለጊዜው ትተው ያን ይጠግኑ። በሩ ተከፍቶ ጓዳ መጥረግ ትርፉ ድካም ነው።

ሻጮች ስለ ብረት ፊልትሮ ሲያወሩ አዘውትረው የሚያነሡት «ዘይት አያንቅም፣ በደንብ ያሳልፋል» የሚለውን ነው። እውነት ነው፣ ያሳልፋል። ግን ይህ ጥቅም ዋጋ የሚኖረው ማለዳ ዘይቱ እንደ ማር በሚረጋበት ብርዳማ አገር፣ ወይም ሞተር እስከ ጥግ በሚጮኽበት የእሽቅድምድም ሜዳ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በመተማ ቆላ ዘይት መቅጠኑ እንጂ መወፈሩ አያሳስብም። የወረቀት ፊልትሮውም ቢሆን ሲደፈን ሞተሩ ዘይት እንዳያጣ የሚከፈት ማስተንፈሻ ቫልቭ አለው፤ ቫልቩ በፊልትሮው ውስጥ ወይም በሞተሩ አካል ላይ ይሆናል። ቫልቩ ሲከፈት ዘይቱ ሳይጣራ ያልፋል። ሹፌሩ ይህን የሚያውቅበት መብራት በአብዛኛው መኪና ላይ የለም።

እዚህ ጋ ለታጣቢው ወገን አንድ ሚዛናዊ ነገር መናገር ይገባል። ሁለትና ሦስት የዘይት ቅያሪ የከረመ፣ የተደፈነ የወረቀት ፊልትሮ ቫልቩን ከፍቶ ሁሉንም እያሳለፈ ነው። ከዚያ ይልቅ በንጽሕና የታጠበ የ35 ማይክሮን መረብ ይሻላል። ስለዚህ ምርጫው በአዲስ ወረቀትና በመረብ መካከል ከሆነ ወረቀቱን ይያዙ፤ በተደፈነ ወረቀትና በመረብ መካከል ከሆነ መረቡን። ግን ሦስተኛ መንገድ አለ፣ እኔም ከሁሉ የምመርጠው እሱን ነው፦ ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋው፣ በግንቦት ወይም በሰኔ መጀመሪያ፣ ለአጨዳው ዘመን የሚበቃውን ያህል ፊልትሮ አስቀድሞ መግዛት። በማሸጊያው ውስጥ ደረቅና ከፀሐይ በተከለለ ቦታ የተቀመጠ ፊልትሮ ለዓመታት አይበላሽም። የሦስት ፊልትሮ ገንዘብ በሰኔ ማውጣት ለገበሬ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ዘር፣ የትራክተር ኪራይና የአረም ሠራተኛ ክፍያ ሁሉ የሚጠይቁት ያኔ ነው። ሆኖም ሞተር ማስከፈት ከዚያ ሁሉ ይበልጣል።

ታጣቢው ፊልትሮ ታዲያ ለእነማን ይሆናል? በአስፋልት ላይ ለሚውል፣ ዘይቱ በጊዜው ለሚቀየርለት የቤንዚን መኪና ይሆናል። ዘይታቸው በአጭር ርቀት ለሚቀየር ሞተር ብስክሌቶችም እንዲሁ። ፊልትሮው ከገበያ ጨርሶ ለጠፋበት አሮጌ ሞተርም እንደ መጠባበቂያ ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥ ክፋት የለውም።

ለመግዛት ከወሰኑ የመጀመሪያው ጉዳይ ጥርሱ ነው። በእኛ አገር ካሉ መኪኖች ብዙዎቹ የፊልትሮ ጥርሳቸው በኢንች የሚለካ 3/4 ሲሆን፣ ሌሎቹ በሚሊ ሜትር የሚለካ 20 ነው። ሦስት አራተኛ ኢንች ማለት 19 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ20 ጋር ያለው ልዩነት በእጅ አይለይም። የ20ው ፊልትሮ በኢንቹ ዘንግ ላይ እየተንገዳገደም ቢሆን ይዞርና የጠበቀ ይመስላል። ሞተሩ ሲሞቅና ግፊቱ ሲጨምር ግን ጥርሱን በጥሶ ሊወጣ፣ ዘይቱም በደቂቃ ውስጥ መንገድ ላይ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ዕቃውን ከመግዛትዎ በፊት አሮጌውን ፊልትሮ ይዘው ይሂዱ፣ የጥርሱን ቁጥርና የጎማ ቀለበቱን ስፋት ጎን ለጎን ያስተያዩ። በእጅ ሲጀምሩት ያለ ቁልፍ ብዙ ዙር መዞር አለበት፤ የሚወዛወዝ ከሆነ ይመልሱት።

ቀጥሎ ቫልቮቹን ይጠይቁ። መኪናዎ ማስተንፈሻ ቫልቩ በፊልትሮው ውስጥ ያለ ዓይነት ከሆነ አዲሱም ሊኖረው ግድ ነው፤ የሌለው ከሆነ መረቡ የተደፈነ ዕለት ዘይት ይቋረጣል። ፊልትሮው ወደ ጎን ወይም አፉ ወደ ታች ሆኖ በሚገጠምባቸው መኪኖች ላይ ደግሞ ሞተሩ ሲቆም ዘይቱ ተመልሶ እንዳይፈስ የሚይዝ የጎማ መክደኛ ያስፈልጋል። እሱ ከሌለ ጠዋት ሲያስነሡ ዘይቱ እስኪደርስ ሞተሩ ለጥቂት ሰከንድ በደረቁ ይንኳኳል። ርካሾቹ ታጣቢ ፊልትሮዎች ብዙ ጊዜ የሚጎድላቸው ይህ ነው።

ከዚያ የማይክሮኑን ቁጥር ይመርምሩ። «35 ማይክሮን» ብሎ መጻፍ ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ከዚያ መጠን ቅንጣት ስንቱን እንደሚይዝ መታወቅ አለበት። ከሁለት አንዱን ብቻ የሚይዝም፣ ከመቶ ዘጠና ስምንቱን የሚይዝም በሳጥኑ ላይ ያንኑ ቁጥር ሊጽፍ ይችላል። ታማኝ አምራች አይኤስኦ 4548-12 በሚባለው የሙከራ ደንብ ለክቶ ከመቶ ስንት እንደሚይዝ ይገልጻል። ቁጥሩን ከነመቶኛው የማያሳይ ፊልትሮ አይግዙ። መረቡም በሽንሽን ታጥፎ ስፋት ያለው እንጂ ዝርግ ክብ ሆኖ የተቀመጠ ባይሆን ይመረጣል፤ ስፋቱ በጨመረ ቁጥር ሳይደፈን ይቆያል። ጫፎቹ በሙጫ የተያያዙ ከሆኑ ደጋግሞ መታጠብ ያላቅቃቸዋልና በብየዳ የተሠራውን ይምረጡ። መለዋወጫ የጎማ ቀለበቶቹን አብረው ይግዙ፤ የአንድ ቀለበት መጥፋት ውዱን ፊልትሮ ጥቅም አልባ ያደርገዋል።

አሁን ወደ እጥበቱ እንምጣ። ታጣቢ ፊልትሮ ወይ የሚያድነው ወይ የሚገድለው እጥበቱ ነውና ረጋ ብለን እንየው። በትንሽ ጋራዥ የተለመደው አሠራር ይህ ነው፦ ግማሹ የተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ናፍጣ አለ፤ ጠዋት የፍሬን ዕቃ፣ ከቀትር በፊት የትራክተር ኩሽኔታ ታጥቦበታል፤ ቀለሙ ጠቁሯል፣ ሥሩ ላይ አሸዋ ተኝቷል። ረዳቱ ፊልትሮውን ሙሉ በሙሉ እዚያ ውስጥ ይነክረዋል፣ በብሩሽ ያሻዋል፣ በኮምፕረሰር ከውጭ ወደ ውስጥ ይነፋዋል። ሲወጣ ያብረቀርቃል። ነገር ግን በጀሪካኑ የነበረው ደቃቅ አሸዋ በመካከለኛው ቀዳዳ ገብቶ ንጹሕ መሆን በሚገባው ገጽ ላይ ተቀምጧል፤ ንፋሱም የውጩን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ገፍቶታል። ሞተሩ እንደተነሣ ያ ሁሉ የሚሄደው በቀጥታ ወደ ብሮንዞቹ ነው፣ በመካከል የሚያግደው ሌላ ነገር የለም። ወረቀት እየቀየረ የኖረ ሞተር ይህ አደጋ የለበትም።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የፊልትሮውን ዙሪያና የተቀመጠበትን ቦታ ከመፍታትዎ በፊት በጨርቅ ይጥረጉ። መረቡን ለብቻው ያውጡና ከማጠብዎ በፊት በነጭ ጨርቅ ላይ አራግፈው ይዩት፤ ታጣቢ ፊልትሮ ከወረቀቱ የሚበልጥበት አንዱ መልካም ነገር ይህ ነው። የመዳብ ቀለም ያለው ብልጭታ ከታየ ብሮንዝ እየተበላ ነው። ማግኔት የሚስበው ከሆነ ብረት ነው፤ ነጣ ያለና ማግኔት የማይስበው ደግሞ ከፒስተን የመጣ አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል። ይህን በጊዜ ያየ ሰው ሞተሩ ሳይነክስ ይደርስበታል። ቀጥሎ በንጹሕ ጨርቅ የተጣራ አዲስ ናፍጣ ወይም ላምባ በንጹሕ ዕቃ ያቅርቡ። ቤንዚን አይጠቀሙ፤ በዚያ ሙቀት አንዲት ፍንጣሪ ትበቃለች። መካከለኛውን ቀዳዳ በንጹሕ ቡሽ ወይም በጨርቅ ደፍነው የውጩን ገጽ በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይጠቡ፤ የሽቦ ብሩሽ መረቡን ያሰፋዋል። ከዚያ ድፋኑን አንሥተው ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በአዲስ ናፍጣ ያለቅልቁት፤ አየር ከነፉም አቅጣጫው ያው ነው፣ ግፊቱም ዝቅ ያለ ይሁን። በመጨረሻ ወደ ፀሐይ አንሥተው ይዩት፦ ብርሃኑ በሁሉም ቦታ እኩል ማለፍ አለበት፤ ጥቁር ቦታ ካለ አልጸዳም፣ ደምቆ የሚታይ ነጥብ ካለ ተቀድዷል፣ ይጣል። የጎማ ቀለበቱን በየጊዜው ይቀይሩ፣ አዲስ ዘይት ቀብተው ይግጠሙ። ይህ ሁሉ ነፋስ በማይነካው ቦታ መሆን አለበት። በአጨዳ ወቅት እርሻ ዳር፣ ሜዳ ላይ ከሆነ ቢቀር ይሻላል።

የቆላው ሰው ታጣቢ ፊልትሮን እንግዳ አድርጎ ማየት ግን የለበትም። አሮጌው ቤላሩስ ትራክተር፣ ኤምቲዜድ 80 የሚባለው፣ ወረቀት የሌለው ፊልትሮ ይዞ ነው የተሠራው። በክዳኑ ሥር ያለች ብልቃጥ መሳይ ዕቃ በዘይቱ ግፊት በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ ትሽከረከራለች፤ ከዘይት የሚከብደው ቆሻሻ ወደ ግድግዳዋ ተወርውሮ እንደ ደረቀ ጭቃ ይጋገራል። በዘይት ቅያሪ ጊዜ ትፈታለች፣ ጭቃው በእንጨት ይፋቃል፣ በናፍጣ ትታጠባለች፣ ስትገጠም ምልክቶቿ ፊት ለፊት ይደረጋሉ፤ ካልገጠሙ ትንቀጠቀጣለች። መሥራቷን ማወቂያው ጆሮ ነው፦ የሞቀ ሞተር ሲጠፋ የመሽከርከሯ እንጉርጉሮ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ መሰማት አለበት። ካልተሰማ ተደፍናለች። ይህ አሠራር ከመረቡ በጣም የሚለየው ደቃቁንም ቅንጣት በክብደቱ ስለሚያወጣ ነው። ሆንዳ ሲጂ 125ና በእሱ አምሳል የተሠሩት የቻይና ሞተር ብስክሌቶችም በቀኝ ክዳናቸው ሥር ይህችኑ የመሰለች ማሽከርከሪያ አላቸው፣ ከታች ደግሞ ትንሽ ወንፊት። ሞተሩን ገዝተው ክዳኑን አንድም ቀን ያላስከፈቱ ብዙዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ሞተር ያለው ሰው ታጣቢ ፊልትሮ መግዛት አያስፈልገውም፤ ያለውን ያስጠርገው።

አንድ የተሳሳተ እምነት ይታረም። ፊልትሮው ታጠበ ማለት ዘይቱ ታደሰ ማለት አይደለም። የናፍጣ ሞተር ዘይት የሚጠቁረው ከአንድ ማይክሮን በሚያንስ ጥቀርሻ ነው፤ እሱን ወረቀቱም መረቡም አይይዘውም። ዘይቱ በሙቀት ያረጃል፣ ውስጡ ያሉት ማጽጃ ኬሚካሎች ያልቃሉ። ስለዚህ ታጣቢ ፊልትሮ የገጠመ ሰው የዘይት ቅያሪውን ሊያስረዝም አይገባም። የብረት መረብ ወረቀት በውፍረቱ የሚሸከመውን ያህል ቆሻሻ ስለማይሸከም፣ በአቧራ ወራት እንዲያውም ቀድሞ መታጠብ ይፈልጋል።

ስለ ዋጋው ሒሳቡን እንዲህ ይሥሩት፦ የታጣቢውን ዋጋ ለአንድ ወረቀት ፊልትሮ ዋጋ ያካፍሉ። ታጣቢው 20 ወረቀት ፊልትሮ የሚያወጣ ከሆነና ዘይት በየ5000 ኪሎ ሜትር የሚቀይሩ ከሆነ፣ ገንዘቡ የሚመለሰው 100,000 ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላ ነው፤ የማጠቢያው ናፍጣ፣ ቀለበቶቹና የመካኒኩ ጊዜ ሳይቆጠሩ።

የታጠበበት ናፍጣና አሮጌው ዘይት የት ይሄዳል የሚለው ይቀራል። የሽንፋ ወንዝ በበጋ ፈሰሱ ተቋርጦ ኩሬ ኩሬ ሆኖ ይቀራል፤ ከብቱም ሰውም የሚጠጣው ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት በዚሁ ወንዝ ዳር የኖሩ ሰዎች ከእነዚህ የበጋ ኩሬዎች ዓሣ እያጠመዱ እንደተመገቡ አሳይቷል። በወራጅ ውኃ የሚሳሳ ዘይት በቆመ ኩሬ ላይ ተንሳፍፎ ይቀመጣል። ጋራዡ ከወንዙ የራቀ ቢሆንም መሬት ላይ የፈሰሰውን የመጀመሪያው ዝናብ አጥቦ ያወርደዋል። ስለዚህ በተዘጋ ጀሪካን ይጠራቀም፤ ለቤትና ለአጥር የሚቆም እንጨት ሥሩን ምስጥ እንዳይበላው መቀቢያ የሚፈልግ ሰው በየመንደሩ አይጠፋም። ናፍጣ የተቀላቀለበትን ግን ለብቻ ያስቀምጡት፣ እሳት ያለበት ቤት አጠገብም አያቁሙት።